የቤት ሽያጭ ወኪል ለግዛት ምክር ቤት ሲወዳደር፦ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ገቢውና ስለ ድምፁ

ጥያቄ፦ «በጆርጂያ፣ አትላንታ አካባቢ የምኖር የቤት ሽያጭ ወኪል ነኝ። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ ቆይቻለሁ። የማኅበረሰባችን ሰዎች ለግዛቱ ምክር ቤት እንድወዳደር እየገፋፉኝ ነው። ጆኒ አይዛክሰንም ከቤት ሽያጭ ተነሥተው ሴናተር እንደሆኑ ሰምቻለሁ። ከተመረጥሁ ፈቃዴን መመለስ አለብኝ? በንብረት ግብርና በቤት ጉዳይ ላይ ድምፅ እንዳልሰጥ እከለከላለሁ? ደመወዙስ ቤተሰብ ያስተዳድራል? እውነቱን ለመናገር ሥራዬንም ያሰፋልኛል ብዬ አስባለሁ።»

ምላሽ፦ ፈቃድዎን መመለስ አይጠበቅብዎትም። በንብረት ግብርም ሆነ በቤት ጉዳይ ላይ ድምፅ እንዳይሰጡ በጥቅሉ የሚከለክልዎ ነገር የለም። ደመወዙ ግን ቤተሰብ አያስተዳድርም። በመጨረሻ ጣል ያደረጓት «ሥራዬን ያሰፋልኛል» የምትለው ሐሳብ ደግሞ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ይልቅ የምታሳስበኝ ናት፤ ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእርሷ እሰጣለሁ።

አስቀድሞ የሚወዳደሩበት ወንበር የትኛው እንደሆነ ይለይ። የጆርጂያ ጠቅላላ ምክር ቤት የሚሰበሰበው ዋሽንግተን ሳይሆን አትላንታ መሐል፣ ባለ ወርቅ ጉልላቱ የካፒቶል ሕንፃ ውስጥ ነው። 180 እንደራሴዎችና 56 ሴናተሮች አሉት፤ የሁሉም የሥራ ዘመን ሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን ምርጫው እንደ 2024 እና 2026 ባሉት ዓመታት በኖቬምበር ይካሄዳል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2020 ቆጠራ የግዛቱ ሕዝብ 10.7 ሚሊዮን ስለነበር፣ አንድ እንደራሴ የሚወክለው ወደ 59,500 ሰው፣ አንድ የግዛት ሴናተር ደግሞ ወደ 191,000 ሰው ነው። ይህ ምክር ቤት የእርስዎን የሙያ ፈቃድ ሕግ፣ የአከራይና የተከራይን ሕግ፣ ካውንቲዎች የንብረት ግብር የሚጥሉበትን ማዕቀፍ ያወጣል። ስለ ቪዛ፣ ስለ ዲቪ ወይም አሜሪካ በኢትዮጵያ ላይ ስለምትከተለው ፖሊሲ የሚወስነው ነገር የለም፤ መራጮችዎ ግን በየስብሰባው የሚጠይቁዎ በአብዛኛው ይህንኑ ስለሆነ የማይችሉትን ቃል እንዳይገቡ ከወዲሁ ይጠንቀቁ። የአንድን ቁራሽ መሬት አጠቃቀም ከመኖሪያ ወደ ንግድ የሚለውጠውም የካውንቲው ወይም የከተማው ምክር ቤት ነው።

የአይዛክሰንን ታሪክ ሰው የሚያወራው ከጫፉ ነው። አባታቸው የግሬይሀውንድ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ኋላ ወደ ቤት ሽያጭ ገቡ። ልጅየው በ1967 ኖርዝሳይድ ሪያልቲ የተባለውን የቤት ሽያጭ ኩባንያ የኮብ ካውንቲ ቢሮ ከፍተው ሥራ ጀመሩ፤ በ1976 ለጆርጂያ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ1979 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነው ለ20 ዓመታት መሩት። ፓርቲያቸው ሪፐብሊካን በጆርጂያ ጥቂት ወንበር ብቻ በነበረው ዘመን፣ ከ1983 እስከ 1990 የአናሳው ወገን መሪ ነበሩ። በ1990 ለገዥነት ተወዳድረው በዜል ሚለር ተሸነፉ። ከ1993 እስከ 1996 በግዛቱ ሴኔት አገለገሉ። በ1996 ለፌዴራሉ ሴኔት ሲሞክሩ በገዛ ፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ተሸነፉ፤ በዚያው ዓመት የቀድሞ ተቀናቃኛቸው ገዥ ሚለር የግዛቱ የትምህርት ቦርድ ሰብሳቢ አድርገው ሾሟቸው። የፌዴራሉ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ኒውት ጊንግሪች ሲለቁ በ1999 የማሟያ ምርጫ ወደ ኮንግረስ ገቡ፤ የፌዴራል ሴናተርነቱን ያገኙት በ2004 ነው። በጤና ምክንያት በ2019 መጨረሻ ለቀቁ፤ በ2021 ዐረፉ። ከመጀመሪያው ድል እስከ ሴናተርነቱ 28 ዓመት ሄዷል ማለት ነው፤ መካከሉም በሽንፈት የተሞላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን የዓመቱ ብዛት አይደለም። አይዛክሰን በጃንዋሪ ወር ጉልላቱ ሥር ሲቀመጡ ኩባንያው ያለ እርሳቸው ይሸጥ ነበር። ሌሎች ወኪሎች ቤት ያሳያሉ፣ ሌሎች ውል ያዘጋጃሉ፣ ገቢውም ይቀጥላል። እርስዎ ብቻዎን የሚሠሩ ወኪል ከሆኑ ግን ስልኩን የሚያነሡት እርስዎ፣ ቅዳሜ ቤት የሚያሳዩት እርስዎ፣ ከቤት መርማሪው ጋር ጣሪያ ሥር የሚገቡትም እርስዎ ነዎት። የሁለታችሁ ሙያ አንድ ቢሆንም የገቢያችሁ አሠራር ይለያያል፤ ስለ ደመወዝ ያነሡትን ጥያቄ የምመልሰውም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

የጆርጂያ እንደራሴ ደመወዝ ለብዙ ዓመታት በዓመት 17,342 ዶላር ነበር፤ በቅርቡ የተደረገው ጭማሪም ነገሩን የሚለውጥ አይደለም። በጉባኤ ቀናት የሚታሰብ የቀን አበልና የመንገድ ወጪ አለ። በሌሎች ግዛቶች ሁኔታው ይለያያል፦ ቴክሳስ በዓመት 7,200 ዶላር፣ ኒው ሀምፕሸር ለሁለት ዓመት የሥራ ዘመን 200 ዶላር ብቻ ሲከፍሉ፣ የምክር ቤት አባልነት የሙሉ ጊዜ ሥራ በሆነባት ኒውዮርክ ከ2023 ጀምሮ 142,000 ዶላር ይከፈላል። ጆርጂያ እንደራሴዎቿ ሌላ መተዳደሪያ እንዳላቸው አስባ የሠራችው ሥርዓት ነው። ስለዚህም አለቃ የሌለበት፣ በኮሚሽን የሚኖር ሰው ለዚህ የሚመች ይመስላል፤ ብዙ የቤት ወኪሎች በየግዛቱ ምክር ቤት የሚገኙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ የቀን መቁጠሪያውን ዘርግተው ይመልከቱት። ጉባኤው የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ሲሆን የሚቆየው 40 የጉባኤ ቀናት ነው፤ ቀናቱ ተከታታይ ስላልሆኑ ነገሩ እስከ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል መጀመሪያ ይዘልቃል። ይህ ጊዜ ሻጮች ለፀደይ ገበያ ቤታቸውን የሚያዘጋጁበት፣ ወኪል የሚመርጡበት ወቅት ነው። ኮሚሽን ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ ገቢ ነው፤ ውል ከተፈረመ በኋላ እስከ መዝጊያው፣ ሽያጩ እስከሚጠናቀቅበት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር ያህል ስለሚያልፍ፣ በፌብሩዋሪ ያልሠሩት ሥራ ጉድለቱ የሚታየው በኤፕሪልና በሜይ ነው። በምርጫው ዓመትማ ይብሳል፦ የእጩዎች ምዝገባ በማርች፣ የፓርቲ ቅድመ ምርጫው በሜይ፣ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ከሌለ ደግሞ የመለያው ምርጫ በጁን ነው። የዓመቱ ምርጥ የሽያጭ ወራት ሁሉ በዘመቻ ያልፋሉ።

አንዱን ቀን ቀረብ ብለን እንየው። ከ40ው ቀን 28ኛው ሕግ ከአንዱ ምክር ቤት ወደ ሌላው የሚሻገርበት የመጨረሻ ቀን ተደርጎ ይያዛል፤ ያን ቀን ያላለፈ ረቂቅ በራሱ ስም ለዓመቱ ያበቃለታል። አባላቱ ከጠዋት እስከ ሌሊት ከወንበራቸው አይነሡም። በዚያው ቀን የአንድ ገዢ ደንበኛዎ የዱ ዲሊጀንስ ጊዜ፣ ማለትም ቤቱን አስመርምሮ ከውሉ መውጣት የሚችልበት ጊዜ፣ የሚያልቅ ቢሆን፣ የመሠረት ስንጥቅ የተጻፈበት የምርመራ ሪፖርት ከቀትር በኋላ ቢመጣ፣ ዋጋ ይቀነስ ወይም ውሉ ይፍረስ ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ የሚቻለው እስከዚያ ቀን ብቻ ነው። ካለፈ፣ ደንበኛዎ ያስያዘውን ገንዘብ ሊያጣ ይችላል፤ የሚጠየቁትም እርስዎና በእርሱ ሥር የሚሠሩት ኃላፊ፣ ብሮከርዎ፣ ናችሁ። ጠበቃ የሆነ እንደራሴ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ የጆርጂያ ሕግ በጉባኤ ወቅት የፍርድ ቤት ቀጠሮው እንዲዘገይለት ይፈቅዳል። ሕጉን ያወጡት ብዙዎቹ ጠበቆች ስለነበሩ ይመስለኛል የቤት ወኪል አልታሰበም፤ የእርስዎን የውል ቀነ ገደብ የሚያቆም ምንም ድንጋጌ የለም።

ስለ ብቁነት የሚነገረው ብዙው ነገር ስሕተት ነው። ትውልደ አሜሪካዊ መሆን የሚጠየቀው ለፕሬዚዳንትና ለምክትል ፕሬዚዳንት ብቻ ነው። ለጆርጂያ የተወካዮች ምክር ቤት የአሜሪካ ዜጋ መሆን፣ 21 ዓመት መሙላት፣ በግዛቱ ሁለት ዓመት፣ በምርጫ ወረዳው ደግሞ አንድ ዓመት በሕጋዊ ነዋሪነት መቆየት ይበቃል፤ ለሴኔቱ ዕድሜው 25 ነው። ለሙያዎ ሰዎች አደጋ የሚሆነው የመጨረሻው መስፈርት ነው። ብዙ የቤት ወኪሎች ከአንድ በላይ ቤት አላቸው፤ የሚያከራዩት ቤት ወረዳው ውስጥ ስላለ ብቻ ነዋሪ የሆኑ ይመስላቸዋል። ሊያስወጣዎ የሚፈልግ ተቀናቃኝ በመጀመሪያ ፈልጎ የሚያወጣው ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን የግብር ቅናሽ፣ ሆምስቴዱን፣ በየትኛው ቤት ላይ እንዳስመዘገቡ የሚያሳየውን ወረቀት ነው። ይህ ሰነድ ለማንም ክፍት መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሆምስቴድዎ፣ መንጃ ፈቃድዎና የመራጭነት ምዝገባዎ በአንድ አድራሻ ላይ ካልሆኑ ስለ ውድድር አያስቡ።

አሁን ወደ ድምፅ አሰጣጡ እንምጣ። ስለ ጥቅም ግጭት በሕዝብ ዘንድ ያለው ግንዛቤ ተገልብጧል፦ ሰው የሚፈራው ግልጹን ነገር ነው፤ የሚጎዳው ግን ስውሩ ነው። መሠረተ ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሕግ እርስዎን የሚጠቅመው ሌላውን የቤት ባለቤት ሁሉ ወይም ፈቃድ ያለውን ወኪል ሁሉ በሚጠቅምበት መጠን ከሆነ ድምፅ መስጠት ይችላሉ፤ ጥቅሙ ለእርስዎ ቀጥተኛና የተለየ ሲሆን ግን ራስዎን ማግለል ይገባዎታል። በ2024 የጆርጂያ ምክር ቤት ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ለግብር የሚታሰብበት ግምት ከዋጋ ንረት በላይ እንዳያድግ የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሕዝቡ የሕገ መንግሥት ማሻሻያውን አጸደቀው፤ ካውንቲዎች፣ ከተሞችና የትምህርት ቦርዶች አንፈልግም ብለው የሚወጡበት በርም ተተወላቸው። ድምፅ ከሰጡት እንደራሴዎች ብዙዎቹ ራሳቸው የቤት ባለቤቶች ነበሩ። እነርሱ ሁሉ ይውጡ ቢባል ሕግ የሚያወጣ ሰው ባልቀረ። አይዛክሰንም በ2009 በፌዴራሉ ሴኔት ቤት ለሚገዛ ሰው እስከ 15,000 ዶላር የግብር ቅናሽ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርበው ሴኔቱ ተቀብሎት ነበር፤ በመጨረሻው ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢዎች 8,000 ዶላር ሆኖ ወጣ። የቤት ሻጭ ለቤት ገበያ ተከራከረ ሊባል ይችላል፤ በአደባባይ፣ በስማቸው፣ ለሁሉም በሚሠራ ሕግ ስላደረጉት ግን ጥፋት አልነበረም።

በአንጻሩ የኒውዮርኩን ሼልደን ሲልቨርን ይመልከቱ። የቤት ወኪል አልነበሩም፤ ከ1994 እስከ 2015 የግዛቱ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩ ጠበቃ ናቸው። የኪራይ ቤቶች ሕግና ለአልሚዎች የሚሰጠው የግብር ቅናሽ ያለ እርሳቸው ይሁንታ አያልፍም ነበር። ሁለት አልሚዎች የንብረት ግብር ክርክራቸውን ለአንድ አነስተኛ የሕግ ቢሮ እንዲሰጡ አደረጉ፤ ቢሮውም ደንበኛ ስላመጡለት ከገቢው እያካፈለ በዓመታት ውስጥ ወደ 700 ሺህ ዶላር ከፈላቸው። በ2015 ጥፋተኛ ተባሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 በቀድሞው የቨርጂኒያ ገዥ ጉዳይ «የሥልጣን ተግባር» የሚባለውን ስላጠበበው የሲልቨር ፍርድ በ2017 ተሻረ፤ በ2018 እንደገና ተከሰው እንደገና ጥፋተኛ ተባሉ። በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከአንድ ሐኪም ጋር የተያያዘውን ሌላውን የክሱን ክፍል ሲሰርዝ ከአልሚዎቹ ጋር የተያያዘውን ግን አጸናው፤ ስድስት ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው፤ ቅጣታቸውን ሳይጨርሱ በ2022 ሞቱ።

ይህን ጉዳይ ያረዘምሁት ለምክንያት ነው። ሲልቨርን ያሰራቸው ክፍያ ከቤት ሥራ ውጭ የሆነ ነገር አልነበረም፤ ደንበኛ የላከ ሰው ድርሻ የሚቀበልበት፣ እናንተ ሪፈራል የምትሉት አሠራር ነው። ፈቃድ ባላቸው ብሮከሮች መካከል በየቀኑ የሚፈጸም፣ ሕጋዊ ነገር ነው። እንደራሴ ከሆኑ በኋላ ግን ያው ክፍያ፣ ደንበኛውን የላከው ሰው ከምክር ቤቱ የሚፈልገው ነገር ካለ፣ የጉቦ መልክ ይይዛል። ማንም ፖስታ አይሰጥዎትም። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ አንድ አልሚ አሥራ ሁለት አዲስ ቤቶች ይሠራና «እርስዎ ይሽጡልኝ» ይላል፤ ኮሚሽኑም የተለመደው ነው፤ ሥራውንም በደንብ ይሠሩለታል። ከሦስት ወር በኋላ ያው ሰው የግንባታ ደንብን የሚመለከት ረቂቅ ኮሚቴዎ ፊት ያቀርባል። ወይም አንድ የጥቅም ቡድን ወትዋች በእርስዎ በኩል ቤት ይገዛል። «ሥራዬን ያሰፋልኛል» ያሉት ነገር በተግባር የሚመጣው በዚህ በር ነው። ለዚህ የምሰጥዎ መመዘኛ ጥብቅ ነው፦ ሰውየው ባልመረጥ ኖሮ ወደ እኔ ይመጣ ነበር ወይ? ከምክር ቤቱ የሚጠብቀው ነገርስ አለ ወይ? ለመጀመሪያው «አይመስለኝም»፣ ለሁለተኛው «አዎ» ከሆነ መልስዎ፣ ኮሚሽኑ የቱንም ያህል ቢሆን አይቀበሉ፤ ለሌላ ወኪል ሲያስተላልፉትም የሪፈራል ድርሻ አይያዙ። ከተጠራጠሩ የግዛቱ የሥነ ምግባር ኮሚሽን የምክር አስተያየት ስለሚሰጥ ጥያቄዎን በጽሑፍ አቅርበው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ፤ በስልክ የተነገረ ነገር ኋላ አይጠቅምም።

በገንዘብ ረገድ ማኅበረሰባችን የለመደው አሠራርና ሕጉ ይጋጫሉ። አንድ ዶላር ከመቀበልዎ በፊት ለመወዳደር ማሰብዎን የሚያሳውቀውን ቅጽ ማስገባት አለብዎ። ለዘመቻው የተለየ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ፤ የዘመቻን ገንዘብ ለግል ጉዳይ ማዋል ክልክል ነው፤ «ነገ እመልሳለሁ» የሚባል ነገርም የለም። ከ100 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው በስሙ መመዝገብ አለበት፤ ስም የለሽ መዋጮ ለራስዎ ማስቀረት አይችሉም። በግብዣ መሐል ሣጥን ዞሮ ጥሬ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ልማድ እዚህ አይሠራም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማዋጣት ይችላል። ዜጋም ግሪን ካርድ ያዥም ያልሆነ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለ ወንድምዎ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ወዳጅዎ ግን አይችልም፤ ይህ ለግዛት ምርጫም የሚሠራ የፌዴራል ሕግ ነው። የእርሱን ገንዘብ ሌላ ሰው በስሙ ቢሰጥ ደግሞ ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል። በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም እድር ለእጩ ገንዘብ መስጠት የለበትም። የብሮከርዎ ቢሮ፣ ስልክና የደንበኞች የኢሜይል ዝርዝርም ለዘመቻ ከዋለ በዋጋ ተተምኖ የሚመዘገብ የዓይነት መዋጮ ነው፤ ዝርዝሩ የብሮከሩ እንጂ የእርስዎ ላይሆንም ስለሚችል ውልዎን ያንብቡ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። በሽያጭ ሰሌዳዎ ላይ ያለውን ፎቶግራፍና ቀለም ለምርጫ ሰሌዳዎ አይጠቀሙ። ታዋቂነትዎን ለመጠቀም ያጓጓል፤ ነገር ግን መራጩ በዘመቻው ስልክ ደውሎ «ቤቴ ስንት ያወጣል?» ሲልዎ የትኛውን ሥራ እየሠሩ እንደሆነ ራስዎም አያውቁትም። ከዚሁ ጋር፣ «ወገኖቼን ሐበሻ ባለበት ሰፈር አስፍሬያለሁ» የሚል አባባል በምርጫ ንግግርዎ ውስጥ እንዳይገባ። በእኛ ዘንድ ምስጋና ነው፤ በ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ዓይን ግን ገዢን በትውልድ አገሩ ለይቶ ወደ አንድ ሰፈር መምራት ፈቃድ የሚያስነጥቅ ጥፋት ነው፤ ተቀናቃኝዎም ቪዲዮውን ያስቀምጠዋል።

ስለ ድምፁ ብዛትም እውነቱ ይነገር። በአትላንታ ዳርቻ ባለችው በክላርክስተንና በአካባቢዋ ብዙ ወገን ቢኖርም፣ 59,500 ሰው ባለበት ወረዳ ኢትዮጵያውያን ብቻቸውን የሚያስመርጡበት ቦታ የለም፤ ካሉትም ብዙዎቹ ገና ዜግነት አላገኙም ወይም አልተመዘገቡም። የገፋፉዎት ሰዎች በሙሉ ልባቸው ቢሆንም የሚሰጡዎ መነሻ እንጂ ማሸነፊያ አይደለም። እውነተኛው ብርታትዎ ሙያዎ ነው። የግብር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ለምን 400 ዶላር እንደጨመረበት በመስመር በመስመር ማስረዳት የሚችል እጩ ጥቂት ነው፤ የትኛው መንገድ ላይ ኪራይ እንደበዛ፣ የትኛው ሰፈር አረጋውያን ቤታቸውን ለመሸጥ እንደተገደዱ ያውቃሉ። ይህ እውቀት ከማኅበረሰባችን ውጭ ያለውን መራጭም ያሳምናል።

በእጅዎ ያሉት አማራጮች ብዙ አይደሉም። በሚቀጥለው ምርጫ በቀጥታ መወዳደር አንዱ ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ የመሬት አጠቃቀም ጥያቄዎችን በሚመረምረው የካውንቲው የፕላን ኮሚሽን ማገልገል ሲሆን ብዙዎች ይህን እንደ ቀላል መለማመጃ ያዩታል፤ ለቤት ወኪል ግን የጥቅም ግጭቱ እዚያ ይከፋል፤ ጉዳዩ በስም የታወቀ መሬትና በስም የታወቀ ባለቤት ስለሆነ ደንበኛዎ በመጣ ቁጥር መውጣት ይኖርብዎታል። ፕላኑን ከመረጡ በዚያ ካውንቲ መሬት መሸጥን ይተዉ። ሦስተኛው ሳይወዳደሩ በሙያ ማኅበርዎ በኩል ረቂቅ ሕጎችን መከታተልና በኮሚቴ ፊት ምስክርነት መስጠት ነው፤ ከሦስቱ የማይወደሰው ይህ ቢሆንም ምክር ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚማሩት እዚህ ነው።

የእኔ ምክር የሚቀጥለውን ምርጫ እንዲያሳልፉት ነው። እስከዚያው ሙከራ ያድርጉ፦ ከጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ድረስ በሳምንት አራት ቀን እንደሌሉ ቆጥረው ደንበኞችዎን በሙሉ ለአንድ አጋር ወኪል ያስረክቡ። የኮሚሽን ክፍፍሉና የቀነ ገደብ ኃላፊነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ብሮከርዎም ይፈርምበት። በነዚያ ቀናት ወደ ካፒቶሉ እየሄዱ የንብረት ግብርና የቤት ጉዳይ የሚታይባቸውን የኮሚቴ ስብሰባዎች ይከታተሉ፤ ስብሰባዎቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። በጁን መጨረሻ ሒሳብዎን ይዝጉ። ቤተሰብዎ በአጋርዎ በኩል በመጣው ገቢ፣ ቁጠባ ሳይነካ፣ ከዘለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ነባሩ እንደራሴ የሚለቀው ክፍት ወንበር ሲገኝ በማርች ይመዝገቡ፤ የምዝገባው ክፍያ 400 ዶላር ነው። ሳይዘልቅ ከቀረ ግን አጋሮች ጨምረው ቢሮዎ ያለ እርስዎ መሥራት እስኪችል ድረስ አይመዝገቡ፤ በጉባኤ መሐል ገቢ የጠፋበት እንደራሴ የአልሚውን አሥራ ሁለት ቤቶች እምቢ ለማለት አቅም አይኖረውም።